ዝናብ የመታቸው፦ ኢዮብ ምዕራፍ 24 እና የድሆች ቤት

የዚህ ወር የጽሑፍ ተራ የእኔ ነው። ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ አንድ ግጥም ነው፤ እሱም በየእሁዱ በምንይዘው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ ኢዮብ ምዕራፍ 24 ከቁጥር 1 እስከ 12 ይገኛል። መጀመሪያ እሱን አንብቡና ወደዚህ ተመለሱ። አጭር ነው፤ ድስት ጥዳችሁም ታነቡታላችሁ።

ለምን እንደመረጥኩት ልንገራችሁ። አንዲት እህታችን የእናቷ ቤት በክረምቱ ዝናብ መፍረሱን ስትነግረን ታስታውሳላችሁ። ጭቃው ረጥቦ ረጥቦ አንድ ሌሊት ግድግዳው ወደቀ። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም፤ ምናልባት በቤታችሁ የተደበቀ ነገር ካለ ጸልዩበት» ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ዝም አለች፤ ሻሿን አስተካክላ ሻይ ልትቀዳልን ተነሣች። እኔ ደህና ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። በኋላ መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው ሳነብ፣ ያንን ንግግር ከእኔ በፊት የተናገሩ ሰዎች አገኘሁ፤ የኢዮብ ጓደኞች ናቸው።

እኛ ኢዮብን የምናውቀው በምርቃት ነው። መከራ ለደረሰበት ሰው «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ይባላል። እኔ አመድ ላይ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ መጽሐፉ 42 ምዕራፍ ነው፤ ከምዕራፍ 3 ጀምሮ እስከ መጨረሻው አካባቢ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ግጥም ነው፤ በዚያም ውስጥ ኢዮብ ይከራከራል እንጂ ዝም አይልም። የመጽሐፉን ዘመን በተመለከተ ሊቃውንት አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት መካከል ያደርጉታል።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። የኢዮብ ልጆች የሞቱት በምን ነበር? በበሽታ አይደለም፣ በሰይፍም አይደለም። የታላቃቸው ቤት ውስጥ ሲበሉና ሲጠጡ ከምድረ በዳ የመጣ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን መታው፤ ቤቱም ወደቀባቸው (1፥19)። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቤት የሚነገር ነገር ሁሉ ቁስል ይነካል። ጓደኞቹ ግን ከቤት ሌላ ምሳሌ የጠፋባቸው ይመስላሉ። ኤልፋዝ ሰው በጭቃ ቤት የሚኖር፣ መሠረቱ ትቢያ የሆነ ፍጥረት ነው ይላል (4፥19)። በልዳድ ልጆችህ በድለው ይሆናል ይለውና (8፥4)፣ እግዚአብሔርን የረሳ ሰው ቤቱ የሸረሪት ድር ነው፣ ቢደገፍበት አይቆምለትም ብሎ ይጨምርለታል (8፥14–15)። አሥር ልጆቹ ቤት ተጭኗቸው ለሞቱ አባት! እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። የእህታችን ፊት ነው የመጣብኝ።

ኢዮብ መልሱን በሁለት እርምጃ ይመልሳል። መጀመሪያ ምዕራፍ 21 ላይ የክፉዎቹን ቤት ያሳያቸዋል፤ ቤታቸው ከፍርሃት ነጻ ነው፣ ዱላም አይነካውም ይላል። ማለትም ቤት መቆሙ የባለቤቱን ጽድቅ፣ ቤት መውደቁም የባለቤቱን ኃጢአት አያሳይም። ከዚያ ምዕራፍ 24 ላይ ቤት ስለሌላቸው ሰዎች ይናገራል።

የዕብራይስጥ ግጥም እንደ እኛ ግጥም ቤት አይመታም። እኛ መጨረሻው ፊደል ሲገጥም «ቤት መታ» እንላለን፤ በዕብራይስጡ ግን የሚገጥመው ሐሳቡ ነው። አንድ ነገር ይባላል፤ ቀጥሎ ያው ነገር በሌላ አነጋገር አንድ እርምጃ ገፋ ተደርጎ ይደገማል። ይህን ካወቃችሁ በአማርኛውም ቢሆን ይታያችኋል። የየቲሙ አህያ ይነዳል፤ ቀጥሎ የመበለቲቱ በሬ ይመጣል። አህያ ተሸካሚ ነው፣ በሬ ግን የማረሻ ኃይል ነው፤ በሬ የሌላት መበለት በሚቀጥለው ዓመት አታርስም። በሬው ደግሞ የተወሰደው በስርቆት ሳይሆን በመያዣ ነው። ወረቀት ያለው፣ ምስክር ያለው ነገር ነው።

የግጥሙን ቅደም ተከተል ተከተሉ። መጀመሪያ የሚነሣው የወሰን ድንጋይ ነው፤ ከዚያ መንጋ፣ ከዚያ አህያና በሬ፣ ከዚያ ድሆቹ ከመንገድ ይገፋሉ። እንደ ሜዳ አህያ ለልጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ወደ በረሃ ይወጣሉ፤ የራሳቸው ባልሆነ እርሻ ያጭዳሉ። ሌሊት ልብስ የላቸውም። በመጨረሻ ቁጥር 8 ላይ የተራራ ዝናብ ያበሰብሳቸዋል። ዝናቡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው! ግጥሙን በችኮላ ያነበበ ሰው ዝናብ የመታቸው ምስኪኖች ብሎ ያልፋል። ኢዮብ ግን ከዝናቡ በፊት ስድስት ቁጥር ሙሉ ሰው ያደረገውን ቆጥሯል። የእህታችንን እናት ቤትም ዝናብ አፈረሰው እንላለን፤ ማገሩ ለምን እንዳረጀ፣ ቆርቆሮ መግዣው የት እንደገባ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ 12 ቁጥሮች ውስጥ «ቤት» የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። ድሆቹ ዓለት ነው የሚያቅፉት፤ መጠጊያ የላቸውምና። መጠጊያ የተባለው የዕብራይስጥ ቃል በመዝሙር 46 (በግእዙ አቆጣጠር 45) ለእግዚአብሔር የተሰጠው ያው ቃል ነው። ዓለት ተብሎ እዚህ የተጻፈው ቃልም በሌላ ቦታ የእግዚአብሔር መጠሪያ ነው። በመዝሙር ስናመሰግን መጠጊያዬ፣ ዓለቴ እንላለን። ኢዮብ እነዚያን ሁለት የምስጋና ቃላት ወስዶ ብርድ ባለበት ተራራ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ መጠጊያው የለም፣ ዓለቱም ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። ይህን ያለው ሰው እምነቱን የጣለ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ መጽሐፉ መጨረሻ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን አላቆመም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ የዚያ ዘመን ቤት እንዴት ያለ እንደነበር ሳናውቅ ግጥሙ በግማሽ ነው የሚገባን።

እዚህ ሊባኖስ ተራራው ላይ ወዳሉት መንደሮች የወጣችሁ፣ በአንዳንድ አሮጌ ቤት ጓሮ እንደ በርሜል ክብና ረጅም የሆነ ድንጋይ ተጋድሞ አይታችሁ ይሆናል። ዛሬ አበባ ይከቡታል። እኔ መጀመሪያ የወፍጮ ድንጋይ ነው ብዬ ነበር። የቤቱ አያት ናቸው የነገሩኝ፤ «መህደሌ» ይባላል፤ የጣሪያ መዳመጫ ነው። ድሮ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር፤ በወፍራም እንጨት ላይ ጭራሮና ሸምበቆ ይረበረባል፣ በላዩ አፈር ይደለደላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንን ድንጋይ እየገፋ አፈሩን ይደመድማል፤ ካልደመደመ ያፈሳል። የትግራይ እህቶቼ በህድሞ ያደጋችሁ ይህ አይጠፋችሁም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የነበረው የዚህ አካባቢ ቤትም በአሠራሩ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከታች የድንጋይ መሠረት፣ በላዩ በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ከላይ የአፈር ጣሪያ። ይህን ካወቃችሁ ስንቱ ጥቅስ እንደሚፈታ ተመልከቱ። መዝሙረኛው በሰገነት ላይ በቅሎ ሳይነቀል ስለሚደርቅ ሣር የተናገረው (129፥6) ጣሪያው አፈር ስለሆነ ነው። ሽባውን ያመጡት አራት ሰዎች ጣሪያ ማንሣት የቻሉት (ማርቆስ 2) ለዚህ ነው። መክብብ 10፥18 ስንፍና ቤትን ያፈሳል የሚለው ያንን ድንጋይ ሳይገፋ የተኛውን ነው። ሌባ ቤት ይቆፍራል የሚለውን ስናነብ አንዲት ልጅ ሲሚንቶ እንዴት ይቆፈራል ብላ ያሳቀችን ትዝ ይለኛል፤ እዚያው ኢዮብ 24፥16 ላይ ሌቦቹ ቤት የሚሰረስሩት ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት በየዓመቱ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበት ያለው ሰው፣ ጊዜ ያለው ሰው፣ እንጨት የሚገዛበት ያለው ሰው ቤቱ ይቆምለታል። የሰው እርሻ ሲያጭድ የሚውል ሰው ግን የራሱን ጣሪያ መቼ ይደመድም? የቤቱ መድከም ከባለቤቱ መድከም ይመጣል፤ አፈርማ የሁሉም አንድ ነው። ልዩነቱ በቁፋሮም ታይቷል። ሮላን ደ ቮ የተባሉ ፈረንሳዊ መነኩሴ ከናብሉስ አጠገብ ጥንታዊቷ ቴርሳ ናት በተባለች ኮረብታ ከ1946 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ቆፍረው ነበር። እንደጻፉት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ቤቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ በ8ኛው መቶ ዓመት ግን በአንድ በኩል ሰፋፊና ጥሩ ቤቶች፣ በሌላ በኩል ተጠጋግተው የታጨቁ ትንንሽ ቤቶች ሆነዋል። 8ኛው መቶ ዓመት የነቢዩ አሞጽ ዘመን ነው። አሞጽ የክረምት ቤትና የበጋ ቤት ባላቸው፣ በተጠረበ ድንጋይ በሠሩት ላይ የጮኸው (3፥15፤ 5፥11) በሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ይዞ ነው። ሁለት ቤት ያላቸው ሰዎች ዘንድ የምንሠራ ብዙ ነን፤ በበጋ ዕቃ ጭነን ወደ ተራራው የምንወጣው እኛው ነን፣ ሁለቱንም የምንወለውለው እኛው ነን።

እሺ፣ አንድ ቤት ያለው ገበሬ እንዴት ዓለት ወደማቀፍ ይደርሳል? ይህን በግልጽ የሚነግረን ነህምያ ምዕራፍ 5 ነው። ነህምያ ከፋርስ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው በ445 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ ሊቃውንት ለመጽሐፈ ኢዮብ ከሚሰጡት ዘመን ውስጥ ማለት ነው። ሕዝቡ ለነህምያ የጮኸውን በሦስት ከፍለን ማየት እንችላለን። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው ብዙ ሆኖ እህል አጥተዋል። ሌሎቹ በረሃቡ ጊዜ እህል ለመግዛት እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘዋል። ሦስተኞቹ ለንጉሡ ግብር ብር ተበድረዋል። የፋርስ መንግሥት ግብሩን በየዓመቱ ይፈልጋል፤ ዝናብ ዘገየ፣ እህል ጠፋ ብሎ አይቀንስም። ወለዱም ከመቶ አንድ ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች በወር ነው ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ በዓመት 12 መሆኑ ነው። ከዚያ እርሻው ይሄዳል፣ ቤቱ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚሄደው ማነው? ቁጥር 5ን አንብቡ። ሴቶች ልጆች ናቸው።

እኛ አገር ወለድ አግድ የሚባለውን ከገጠር የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ መሬቱን አበዳሪው እያረሰ ይበላል፣ ዋናው ዕዳ ግን ሳይነካ ይቀመጣል። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ስመጣ የደላላው ገንዘብ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የመጣሁትም ለእናቴ የሣር ቤቱን ወደ ቆርቆሮ ለመለወጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ግን መሬቱን ለማስለቀቅ አለቀ። ቆርቆሮው የተመታው በሦስተኛው ዓመት ነው። ይህን የማነሣው እኔ ላይ ብቻ ስለደረሰ አይደለም፤ ከመካከላችን ተመሳሳዩን የማትናገር ጥቂት ናት። ስለዚህ የነህምያን ምዕራፍ 5 ከመምህር ይልቅ እኛ ብናስረዳው ይቀለናል።

ስለ መያዣው አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይኸኛው ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ናቬህ የተባለ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከያፋ በስተደቡብ ባሕር ዳር፣ መጻድ ሐሻቭያሁ በምትባል ትንሽ ምሽግ ሲቆፍር ገል አገኘ፤ የተሰበረ የሸክላ ገል፣ በላዩ በቀለም የተጻፈ። (ኢዮብ ቁስሉን የፋቀው በገል እንደነበር አስታውሱ። በዚያ ዘመን ፓፒረስ መግዛት የማይችል ሰው ገል ላይ ያስጽፍ ነበር።) ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው ይባላል፤ ብዙዎች በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን ያደርጉታል። የሚናገረው አንድ አጫጅ ነው። ስሙ አልቀረልንም። ለአገረ ገዢው አቤት ይላል፦ አጭጃለሁ፣ ለክቼ ጎተራ አስገብቻለሁ፣ የሾባይ ልጅ ሆሻያሁ ግን መጥቶ ልብሴን ወሰደ፤ አብረውኝ በፀሐይ ያጨዱ ወንድሞቼ ይመሰክሩልኛል፤ ልብሴ ይመለስልኝ ይላል። ቃል በቃል አላስቀመጥኩትም፤ ነገሩ ግን ይህ ነው።

አንድ ልብስ ምንድን ነው የሚል ካለ፣ ዘጸአት 22፥26–27ን ያንብብ። ድሃው ያለው መሸፈኛ እሱ ብቻ ነው፤ በምን ይተኛል? እንደ እኛ ጋቢ ነው፤ ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይነጠፋል። ሕጉ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ ይላል። ዘዳግም 24 ደግሞ አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ድሃው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የድሃው ቤት ጭቃ ቢሆንም ደጁ ይከበራል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ግጥሙ ተመለሱና ኢዮብ የቆጠራቸውን አንድ በአንድ ከሕጉ ጋር አስተያዩ። የወሰን ድንጋይ መንቀል በዘዳግም 19 ተከልክሏል። የመበለት መያዣ በዘዳግም 24 ተከልክሏል። የድሃ ልብስ ተከልክሏል። ሕግ ስለሌለ አልነበረም፤ ሕግ ተጽፎ ሳለ ነው ሰዎቹ ዝናብ ላይ ያደሩት። ገሉ ላይ ያስጻፈው አጫጅም መብቱን የሚያውቅ ይመስላል፤ አገረ ገዢው ልብሱን ያስመልስለት አያስመልስለት ግን ጽሑፉ አይነግረንም። እኛ ደግሞ ሕጉም ከመጀመሪያው አላወቀንም፤ የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከውስጡ አውጥቷታል። ፓስፖርቴ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ አቧራውን የምጠርግለት መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ግን የእኔ አይደለም። ስለ ሆሻያሁ ሳነብ እሱ ነው የታሰበኝ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ሐዝሚየ ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው የሄዱትን እህቶች ያየችም ዛሬ ከመካከላችን አለች። ሻንጣቸውን አቅፈው መንገድ ላይ አደሩ። ቁጥር 8ን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም።

የግጥሙ ቁጥር 10 እና 11 የእኛ ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ነዶ ተሸክመው ይራባሉ፤ ዘይት ይጨምቃሉ፣ ወይን ይረግጣሉ፣ ይጠማሉ። እዚህ ላይ ድህነት ሥራ ማጣት አይደለም። በጣም የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እህሉ በእጃቸው ያልፋል፣ አይቀመጥም። ሰነፍ ስለሆነ ቤቱ ፈረሰ የሚለው ክስ እዚህ ይወድቃል። መክብብ ስለ ሰነፍ ጣሪያ የተናገረው እውነት ነው፤ ኢዮብም እውነት ነው፤ የማን ጣሪያ እንደሆነ ሳይጠይቁ አንዱን ጥቅስ በሌላው ሰው ላይ መለጠፍ ግን የጓደኞቹ ጥፋት ነው።

በጥናታችን ላይ «ቁጥር 12 እግዚአብሔርን ይከስሳልና አይነበብ» ያለች ነበረች። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ከባድ ነው፤ ድሆቹ ይጮኻሉ፣ እግዚአብሔር ግን ጸሎታቸውን የሰማ አይመስልም ይላል። ግን ምዕራፍ 42 ቁጥር 7 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ተመልከቱ። በኢዮብ ላይ አይደለም። እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተገሠጹት ኤልፋዝና ሁለቱ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቤት የወደቀበትን ሰው ምን በድለህ ነው ያሉት። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ።

እኔ ወይፈን የለኝም፤ ባለፈው ሐሙስ ግን ለእህታችን ደወልኩላት። ረጅም ጊዜ አወራን፤ ስለ ጸሎት ሳይሆን ስለ እንጨት ዋጋ። የእናቷ ግድግዳ ከመስቀል በኋላ፣ መሬቱ ጠጠር ሲል፣ እንደገና ይመረጋል። ለባሕር ዛፍና ለጭድ የምታዋጣ ካለች እሁድ ከጥናት በኋላ ለሒሳብ ያዣችን ትስጥ፤ ስም አይጻፍም።

ለሚቀጥለው እሁድ ኢዮብ ምዕራፍ 31 ከቁጥር 13 እስከ 15፣ ከዚያም ቁጥር 32ን አንብባችሁ ኑ። እዚያ ላይ ኢዮብ ራሱ አሠሪ ሆኖ ይናገራል፤ የቤት ሠራተኛዬ በተሟገተችኝ ጊዜ ምን አደረግሁ እያለ። አረብኛ ማንበብ የምትችል ካለች በአረብኛውም ይዛ ትምጣ፤ «ገረድ» በሚለው ቦታ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።